ሲፈጽሙት የሚያሰናብት ሥራ

በአገራችን የሰው ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ዓይን በሚያየው፣ እጅ በሚዳስሰው መሣሪያ ነውና፣ ገበሬው በሞፈሩ፣ ሸማኔው በመወርወሪያው፣ ነጋዴው በሚዛኑ፣ ካህኑ በመስቀሉ ይለያል፤ በኮንትራት ሶፍትዌር እየሠራ የሚኖር ሰው ግን ሥራው ምን እንደ ሆነ የወለደችው እናቱ እንኳ ለጎረቤት አስረድታ መናገር ይቸግራታል። ይህ ሰው በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከአንድ አረጋዊ ዘመድ አጠገብ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ «ለመሆኑ አሁን የት ነው የምትሠራው ልጄ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ «ሶፍትዌር እሠራለሁ» ቢል፣ «ደግ ነው፤ የመንግሥት ነው የግል?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፤ «የግሌ ነው፤ በኮንትራት ነው የምሠራው» ብሎ የመለሰ ጊዜ ግን፣ አረጋዊው እጃቸውን በትከሻው ላይ አሳርፈው፣ የታመመ ሰው በሚያጽናኑበት ድምፅ፣ «አይዞህ፣ አንድ ቀን ቋሚ ያደርጉሃል» ይሉታል። ቀጥለውም ኮምፒዩተር ዐዋቂ መሆኑ ትዝ ሲላቸው፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጥሪው ለምን እንደማይሰማቸው እንዲመረምርላቸው ያዝዙታል።

እኔም ከዚህ ማኅበር አንዱ ስለ ሆንሁ፣ የሥራችንን ጠባይ ደጋግሜ ብመረምር፣ ከሌላው ሥራ ሁሉ የሚለይበት ምሥጢር አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ይኸውም ሠራተኛው ሥራውን በትጋትና በጥንቃቄ በፈጸመ መጠን እንጀራውን በገዛ እጁ የሚያቋርጥ መሆኑ ነው። ቋሚው ሠራተኛ ዛሬ ያልጨረሰውን ነገ፣ ነገ ያልጨረሰውን በሚመጣው ሳምንት ቢጨርስ፣ ወሩ በገባ ቁጥር ደመወዙን ከመቀበል የሚያግደው የለም፤ የኮንትራቱ ሠራተኛ ግን ያበጀው ሥርዓት እክል የሌለበት ሆኖ የተገኘ ዕለት፣ «እጅህ ይባረክ» ተብሎ በምርቃት ይሸኛል። ምርቃቱም ምንም እንኳ ለነፍስ የሚበጅ ቢሆን፣ የቤት አከራይ በኪራይ ፈንታ የማይቀበለው ስለ ሆነ፣ ተመራቂው በማግሥቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል።

ፍለጋውም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በቀደመው ጊዜ ሥራ ፈላጊ ሁሉ በአራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አዲስ ዘመንንና ሪፖርተርን በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን በቁራጭ ወረቀት ገልብጦ፣ ጋዜጣውን ተራ ለሚጠብቀው ያስተላልፍ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው ወደ ቴሌግራም ስለ ፈለሰ ፈላጊው ከአልጋው ሳይወርድ ያነበዋል፤ ሆኖም የማንበቡ ድካም ቀለለ እንጂ የመተርጐሙ ድካም አልቀለለም፤ የሥራ ማስታወቂያ አንድምታ የሚያሻው ጽሑፍ ነውና። «በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል» የሚለውን ሊቃውንቱ ሲያትቱ፣ አንድም ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ጥሎ ጠፍቷል፤ አንድም ሥራው ማለቅ የነበረበት ባለፈው ዓመት ነው፤ አንድም አለቃው ሌሊት የሚደውሉ ሰው ናቸው ይላሉ። «ደመወዝ በስምምነት» ሲል፣ አንድም ትንሽ ነው፤ አንድም ገና አልተወሰነም፤ አንድም ተወስኗል፣ የቀረው የአንተ መስማማት ብቻ ነው። «ሁለገብ የሆነ» የሚለው ግን ትርጓሜ አያሻውም፤ የኩባንያውን የሒሳብ ሥርዓት ከማበጀቱ በተጨማሪ፣ የፕሪንተር ቀለም የሚለውጥ፣ ለዓመት በዓል የመልካም ምኞት ካርድ የሚያዘጋጅ፣ የሥራ አስኪያጁንም ልጅ የቤት ሥራ ሲሰጠው የሚያግዝ ማለት እንደ ሆነ ሕፃንም ያውቀዋል።

ከሁሉም የሚከብደው የሥራ ልምድ የሚለው ቁጥር ነው፤ ገና ጥርሱን ያልነቀለ መሣሪያ ተጠርቶ፣ በእሱ ለብዙ ዓመት የሠራ ሰው ይፈለጋልና። ይህም የእኛ አገር ብቻ ነውር አለመሆኑን ለመጽናኛ ያህል ልናገር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ፋስት ኤፒአይ የሚባለውን መሣሪያ ያበጀው ኮሎምቢያዊው ሰባስቲያን ራሚሬዝ፣ በዚያው መሣሪያ ከ4 ዓመት በላይ ልምድ ያለው ሰው ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ቢያይ፣ መሣሪያውን ከፈጠረው ገና ዓመት ተኩል ስለ ነበር ለማመልከት እንደማይበቃ ለዓለም ሁሉ አስታወቀ። ሰው በገዛ እጁ ሥራ በልምድ ማነስ የሚወድቅበት ዘመን ከመጣ፣ ከአዲስ አበባ ሆነን የምናመለክት እኛ ብንወድቅ ሐዘኑ ሊበረታብን አይገባም።

የውጭ አገር ደንበኛ ያገኘ ሰው ብፁዕ ነው ይባላል፤ ክፍያው በዶላር ነውና። ብፅዕናው ግን ያለ ተጋድሎ አልተሰጠም። የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ቡናውን ይዞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ለስብሰባ ሲቀመጥ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ደግሞ፣ በክረምታቸው ወራት ወደ 2 ሰዓት ይገፋል፤ ስለዚህ ቤተ ሰብ ማዕድ ከብቦ ሲበላ አባወራው በጓዳ ተዘግቶ፣ ከላይ ሸሚዝ ከታች ፒጃማ ለብሶ፣ በባዕድ ቋንቋ ስለ ትናንት ሥራው ይናዘዛል። በዚያው ሰዓት መብራት የሄደ እንደ ሆነ ወደ ስልኩ ኢንተርኔት ይሸጋገራል፤ ስልኩም የደከመ እንደ ሆነ፣ ስለ ኃይል መቋረጥ ከሰባት ባሕር ማዶ ላለ ሰው ማስረዳት ከኮዱ ይልቅ ያስቸግረዋል። ደንበኛውም ከመቅጠሩ በፊት «ችሎታህን ለማየት ያህል» ብሎ አንድ ሙሉ ገጽ ያለ ዋጋ ያሠራዋል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይጠፋል፤ የተሠራው ገጽ ግን አብሮት ስለ መጥፋቱ ማንም ማረጋገጫ የለውም።

የአገር ውስጡ ደንበኛ በበኩሉ በጨረታ ይመጣል። ንግድ ፈቃድ ያወጣው ፕሮግራመር የጨረታውን ሰነድ በማይመለስ ገንዘብ ገዝቶ፣ የቴክኒክ ሐሳቡን ለብቻ፣ የዋጋውን ለብቻ፣ ዋናውንና ቅጂውን ለብቻ፣ በየኤንቨሎፑ ከትቶ፣ በሰም አሽጎ፣ በየገጹ ማኅተም መትቶ፣ ለማስከበሪያ ከባንክ ሲፒኦ አሠርቶ ያቀርባል፤ በኮምፒዩተር ሊሠራ ለተማረ ሰው ይህ ሁሉ ሰም አዲስ ትምህርት ነው። በሰነዱም መጨረሻ፣ መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ መሆኑ ስለሚጻፍ፣ ተጫራቹ ያደረገው ሁሉ በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ተንጠለጠለ እያወቀ ይፈርማል።

ከዚህ ሁሉ ወጥመድ አልፎ ሥራው የተገኘ እንደ ሆነ፣ በውሉ ውስጥ በአንድ መስመር ተጽፎ የተናቀው ነገር የሥራው ሁሉ ራስ ሆኖ ይወጣል። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መዝገብ ሥርዓት እንዳበጅ በተዋዋልሁ ጊዜ፣ «ነባሩን መረጃ ወደ አዲሱ ማዛወር» የምትል ሐረግ በተራ ቁጥር መጨረሻ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። ነባሩ ፕሮግራም ከውጭ የመጣ፣ የአውሮፓን ዘመን እንጂ የእኛን የማያውቅ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ግን ለብዙ ዓመት ቀኑን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲመዘግቡበት ኖረዋል። ማሽኑም ቁጥሩ እስከ ተስማማው ድረስ የማን ዘመን እንደ ሆነ ስለማይጠይቅ፣ ከወሮቻችንም 31 ቀን ያለው ስለሌለ፣ አብዛኛው ቀን በሰላም ያልፋል። ነገር ግን ጥቅምት ሁለተኛው ወራችን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብሎ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጥቅምት 30 ቀን የተቀጠረውን ሰው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል። 13ኛ ወር የሚባለውንማ ከቶ ሰምቶት አያውቅም።

ይህን ሳላውቅ ገና መረጃውን ስገልጥ፣ ከሺህ የሚበልጥ ሠራተኛ ባለበት መዝገብ ውስጥ በጳጉሜ የተቀጠረ አንድም ሰው ባጣ ጊዜ ተገርሜ፣ መዝገቡን ለብዙ ዘመን የጠበቁትን ወይዘሮ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት በጳጉሜ የተቀጠረ ሰው የለም እንዴ?»

«ሞልቷል እንጂ ልጄ፤ ኮምፒዩተሩ ስለማይወዳቸው መስከረም 1 አደረግናቸው።»

«የጥቅምት 30ዎቹስ?»

«እነሱን 28 አድርገናቸዋል። ሁለት ቀን ቢጨመርላቸው ምን ይጎዳቸዋል?»

ይህን ብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ከመሳቢያቸው ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ አንድ ወፍራም ደብተር አወጡ፤ በውስጡም በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ በተሰመረ ዓምድ፣ ኮምፒዩተሩ ያልተቀበላቸው ሰዎች ሁሉ ከነእውነተኛ ቀናቸው በተራ ተጽፈው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ሥርዓት በአንድ ክፍል ሲያንጐራጕር፣ እውነቱ ለካ በወይዘሮይቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ማሽኑ ግን ዕድሜም ያሰላ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የተወለደውን ሠራተኛ፣ የልደቱን ዘመን በአውሮፓ ቈጥሮ፣ ከራሱ 2025 ላይ ሲቀንሰው 60 ዓመት ይሰጠው ነበር፤ 60 ዓመት ደግሞ የጡረታ ዕድሜ ስለ ሆነ፣ ገና 52 የሆነውን፣ ልጆቹን ያላደረሰውን ሰው ለጡረታ ከደረሱት ጋራ ደምሮ ያወጣው ነበር። ወይዘሮይቱም ዝርዝሩ በወጣ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ አንሥተው፣ ያለ ጊዜያቸው የተጠሩትን አንድ በአንድ እየሰረዙ ከጡረታ ያድኗቸው ነበር። ከዚህም ሌላ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉት ስሞች በአዲሱ ኮምፒዩተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ውርጅብኝ ይሆናሉ፤ የተነበቡትም ቢሆኑ፣ አንዲት ፀሐይ የምትባል ሴት በፀሐዩ «ፀ»፣ በጸሎቱ «ጸ»፣ በሐመሩ «ሐ»፣ በሃሌታው «ሀ» እየተጻፈች አራት ሴት ሆና ደመወዝ ባትቀበልም መዝገብ ታጣብባለች። ይህን ሁሉ አቃንቶ፣ የጳጉሜን ሰዎች ወደ ጳጉሜ መልሶ፣ አራቱን ፀሐይ አንድ ማድረግ የክረምቱን ሌሊት ሁሉ ፈጀ።

የርክክቡ ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ የመጀመሪያውን ገጽ በግድግዳ ላይ አብርተው በትኵረት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ዓርማው ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ቢል» አሉ፤ ሁለተኛው አባል አረንጓዴው እንደ ደበዘዘ አስገነዘቡ፤ ሦስተኛው የዋና ዳይሬክተሩ ፎቶግራፍ በምን ቦታ እንደሚገባ ጠየቁ፤ በዚህም ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ስለ ጥቅምት 30 የጠየቀ አልነበረም። በደንብ የሚሠራ ነገር አይታይምና፣ አንድ ሥርዓት ከእንከን የጸዳ በሆነ መጠን የሚታየው ቀለሙ ብቻ ይሆናል።

ክፍያ ደግሞ የራሱ ወራት አሉት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ስለሚከፈት፣ ከጥር ጀምሮ ስልክ የማያነሣው ኀላፊ በሰኔ ያላለቀ በጀት በእጁ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ፕሮግራመሩን በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ «የት ጠፋህ?» ይለዋል፤ ሥራው በሰኔ ተጣድፎ አልቆ ደረሰኙ በሐምሌ የቀረበ እንደ ሆነ ግን፣ ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት ነው፤ የአምናው በጀት ተመልሷል፣ የዘንድሮው አልተለቀቀም፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ገንዘቡም ሲመጣ ተሸርፎ ይመጣል፤ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ ቀድሞ እንዲያዝ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ካላቀረበ ሰው ግን 30 በመቶ እንዲያዝ ተደንግጎ ነበርና፣ ቍጥሩን ያላወጣ ወጣት የመጀመሪያ ክፍያውን ሲቀበል ከሙያው ይልቅ ሕጉን ቀድሞ ይማራል። በብር ተዋውለው፣ መረጃው የሚቀመጥበትን የውጭ አገር ሰርቨር ግን በዶላር የሚከፍሉትማ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሲሄድ፣ ውላቸውን አውጥተው እያዩ ደንበኛውን በነጻ ማገልገል መጀመራቸውን ተረዱ።

እንዲህም ስለ ሆነ ከባልደረቦቻችን አንዳንዱ ፈተና ውስጥ ይወድቃል፤ ሥራውን ሲያስረክብ ዋናውን የይለፍ ቃል በኪሱ ይዞ፣ ኮዱንም ከእሱ በቀር ማንም እንዳይፈታው አድርጎ አወሳስቦ ይሄዳል፤ ነገሩ በተበላሸ ቍጥር ተለምኖ እንዲጠራ ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ የሚያደርገው ከቅኑ ይልቅ ደልቶት ይኖራል። እኔ ግን ሥራችንን ስመለከተው በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ የጽሕፈት መኪናውን በዱካ ላይ አስቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው ይመስለኛል፤ ባለጉዳዩ ከአያቱ ርስት ጀምሮ፣ የጎረቤቱን ክፋት ሳይቀር ሲተርክለት በትዕግሥት ሰምቶ፣ ፍሬውን ከገለባው ለይቶ በአንድ ገጽ ያሰፍርለታል፤ ዋጋውን ይቀበላል፤ ፍርዱን አይሰማም። ይህ ሰው ማመልከቻውን ዳኛ እንዳያነበው አድርጎ ቢጽፍ፣ ባለጉዳዩ በማግሥቱ ወደ እሱ ይመለስ ይሆናል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጃንጥላው ሥር የሚቀመጥ አይኖርም።

በዚህ መካከል ማኅበራችን እየበዛ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮደር ለማድረግ የታሰበው ሥልጠና ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ በመተባበር በይፋ ስለ ተጀመረ፣ የለቅሶ ቤቱ አረጋዊ ከእንግዲህ ወዲያ ከአጠገባቸው የተቀመጠው ሁሉ ሶፍትዌር ሠሪ ሆኖ ሳያገኙት አይቀርም። ደንበኛውም በበኩሉ ዋጋ ሲነገረው ፈገግ ብሎ፣ «ይህን እኮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ሌሊት ይሠራዋል» ማለት ተምሯል። እኔም አልከራከረውም፤ ኮድ በመጻፍ ከእኔ እንደሚፈጥን ዐውቃለሁ፤ ብቻ ወይዘሮይቱ ደብተሩን ከመሳቢያ እንዲያወጡለት ማን እንደሚጠይቅለት አላውቅም።

ሥራ በመጨረሻ የሚገኘው ከየት እንደ ሆነ የሚጠይቀኝ ወጣት ብዙ ነው። ማስታወቂያውን ያንብብ፣ ፈተናውንም ይፈተን፣ ሰሙንም ያሽግ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ ሁለተኛ ሥራ ያስገኘልኝ ሊቀ መንበርም ኮሚቴም አልነበረም፤ ያስገኙልኝ በመዝገብ ቤት፣ በሒሳብ ክፍል፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጠው፣ ማሽኑ ያጣመመውን በእጃቸው ሲያቃኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዓርማው ወደ ቀኝ ጠጋ ይበል አይበል ግድ የላቸውም፤ የደብተሩን ሥራ ማን እንዳስቀረላቸው ግን አይረሱም፤ ሲዛወሩም ስልክህን ይዘው ይዛወራሉ። ስለዚህ ሥራውን ደብቆ በኪሱ ይዞ ከሚሄደው ይልቅ ጨርሶት የሚሰናበተው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተመልሶ ይጠራል ብዬ እመክራለሁ።

ለዚህም ምስክር አለኝ። ወይዘሮይቱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው ኖሮ፣ በሰኔ መጨረሻ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እዚህም ጳጉሜ የለም» አሉኝ።

«መቼ ልጀምር እትዬ?»

«ዛሬ። ውሉ ሰኔ 30 ሳይገባ መፈረም አለበት፤ አለዚያ በጀቱ ይመለሳል።»

«ክፍያውስ?»

ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው ከአጠገባቸው ያለውን ሰው ከጠየቁ በኋላ፣ «ክፍያውማ በጳጉሜ ይደርስልሃል ብለዋል» አሉኝ።

ውሉን ፈረምሁ፤ ከተዘረዘረውም ሥራ ሁሉ አስቀድሜ፣ ዓርማውንም ቀለሙንም ወደ ኋላ ትቼ፣ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ሠራሁ።